እንሰትን በከተማ ጓሮ ማልማት፦ በወልቂጤና በቡታጅራ ለሚጀምሩ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ማብራሪያ

እንሰት ከ20 ሚሊዮን የማያንስ የአገራችን ሕዝብ በምግብነት የሚጠቀምበት፣ በድርቅ ዘመን የብዙ ቤተሰብ መጠጊያ ሆኖ የቆየ ተክል ነው። በጉራጌ ደግሞ ከምግብነት አልፎ ለኑሮ የሚያስፈልገውን ብዙ ነገር የሚሰጥ የጓሮ ሀብት ነው። ቆጮው፣ ቡላውና አሚቾው ይበላል፤ ከግንዱ የሚወጣው ቃጫ ገመድ፣ ጆንያና ምንጣፍ ይሠራበታል፤ ቅጠሉ የቆጮ ጉድጓድ ይነጠፍበታል፣ ዳቦ ይጋገርበታል፣ ለከብትም መኖ ይሆናል።

በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች ከሚኖሩ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌዎች የመጡ ወይም ወላጆቻቸው ከዚያ የመጡ ናቸው። እናቶቻቸው እንሰትን ሲያፈሉ፣ ሲተክሉና ሲፍቁ ያዩ ቢሆንም፣ ራሳቸው ሠርተውት የማያውቁ ወጣት ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ቆጮን ከገበያ መግዛት የለመዱ ቤተሰቦች በግቢያቸው ባለው ጥቂት ቦታ ላይ አምስትም ሆነ አሥር እንሰት ለመትከል ሲያስቡ ከየት እንደሚጀምሩ ላያውቁ ይችላሉ። ይህ ማብራሪያ ለእነዚህ ጀማሪዎች የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ ይኖርበታል። እንሰት እንደ ጎመን ወይም እንደ ድንች በጥቂት ወራት የሚደርስ አይደለም፤ ከተከላ እስከ ፍቂያ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። ስለዚህ አንድ የደረሰ እንሰት በበሽታ ቢጠፋ የሚጠፋው የአንድ ወቅት ሰብል ሳይሆን የብዙ ዓመት ልፋት ነው። ተክሉን በአብዛኛው የሚያጠፋው በሽታ ደግሞ መድኃኒት የለውም፤ ወደ ጓሮ የሚገባውም አብዛኛውን ጊዜ በሰው እጅ፣ ባልጸዳ ቢላዋና ከታመመ ስፍራ በመጣ ችግኝ ነው። በመሆኑም የጀማሪ አልሚ ዋና ሥራ ብዙ መትከል ሳይሆን ንጹሕ ችግኝ መትከልና ንጹሕ መሣሪያ መጠቀም ነው።

የተክሉ ጠባይ

እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው፤ መልኩም ሙዝን ስለሚመስል ብዙ እንግዶች ያሳስቷቸዋል። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ሙዝ የሚበላው በፍሬው ሲሆን፣ እንሰት የሚበላው በግንዱና ከመሬት በታች ባለው አሚቾው ነው። ግንድ የሚመስለው ክፍል እውነተኛ ግንድ ሳይሆን እርስ በርስ ተደራርበው የቆሙ የቅጠል አቃፊዎች ጥቅል ነው። የተክሉ ስታርች የሚከማቸው በእነዚህ አቃፊዎችና በአሚቾው ውስጥ ሲሆን፣ የቃጫው ክርም በአቃፊዎቹ ውስጥ ተዘርግቶ ይገኛል።

እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ካበበና ፍሬ ካፈራ በኋላ ይሞታል። አበባውን ከማውጣቱ በፊት ያጠራቀመውን ስታርች ፍሬውን ለማሳደግ ስለሚያውለው፣ ፍቂያው ሳይዘገይ አበባው ብቅ ሲል ወይም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ይከናወናል። ሙዝ ከሥሩ ልጆች እያወጣ ራሱን ሲተካ፣ እንሰት ግን ሰው ካላፈላው በስተቀር በአብዛኛው ራሱን አይተካም። የእንሰት ጓሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በሰው ሥራ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ይኸው ተክል ኮባ ተብሎ ይታወቃል፤ እዚያ ግን በአብዛኛው የሚፈለገው ለዳቦ መጋገሪያ ለሚውለው ቅጠሉ ነው። ቆጮን የማዘጋጀቱ ዕውቀት በሰፊው የሚገኘው በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በሐዲያ፣ በከምባታ፣ በወላይታ፣ በከፋና በሌሎችም የደቡብና የደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ነው።

የሁለቱ ከተሞች አየር

እንሰት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,100 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ ይበቅላል፤ በእጅጉ የሚስማማው ግን ከ2,000 ሜትር ጀምሮ ያለው የወይና ደጋና የደጋ አየር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ወልቂጤ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን፣ በጉራጌ ተራሮች ግርጌ ያለችው ቡታጅራ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። ስለዚህ ሁለቱም ከተሞች ለተክሉ የሚስማሙ ናቸው። ወልቂጤ ሞቅ ስለሚላት ተክሉ ፈጥኖ ሊደርስ ይችላል፤ በበጋ ወራት ግን ለወጣት ችግኞች ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። በቡታጅራ በላይ ወዳለው ደጋ በተወጣ ቁጥር ተክሉ ቀስ ብሎ ያድጋል።

እንሰት አንዴ ሥር ከሰደደ በኋላ ለጥቂት ወራት የሚቆይ ድርቅን ይቋቋማል፤ በግንዱና በአሚቾው ውስጥ ብዙ ውሃ ይይዛል። በ1977 ዓ.ም በአገራችን ከባድ ረኃብ በደረሰ ጊዜ እንሰት አብቃይ አካባቢዎች ከሌሎቹ የተሻለ ሁኔታ ላይ እንደነበሩ ይታወቃል። ይህ ጥንካሬው ግን ሥር ከሰደደ በኋላ ያለ ጥንካሬ ነው፤ አዲስ የተተከለ ችግኝ በቂ እርጥበት ካላገኘ ይደርቃል።

ቦታ መምረጥ

በከተማ ግቢ ቦታ ሲመረጥ ተክሉ ካደገ በኋላ የሚይዘውን ስፋት ማሰብ ያስፈልጋል። የደረሰ እንሰት ከ4 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ቅጠሎቹም ወደ ጎን በሰፊው ይዘረጋሉ። ስለዚህ ከቤት ግድግዳና ከአጥር ቢያንስ 2 ሜትር መራቅ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር በታችም አለመትከል ይገባል። ውሃ የሚተኛበት ረግረግ ቦታ አሚቾውን ስለሚያበሰብሰው አይመረጥም። የሳሙናና የዘይት ፍሳሽ የሚደፋበት፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚያልፍበት ወይም የተሰበረ ጠርሙስና ፕላስቲክ የተቀበረበት ቦታም ለምግብ ተክል አይሆንም።

እንሰት ለም አፈርና ብዙ ፍግ ይወዳል። በጉራጌ ገጠር እንሰት ከቤቱ ጓሮ የሚተከለው ከበረት የሚወጣው ፍግና ከቤት የሚጠረገው አመድ በቀላሉ እንዲደርሰው ነው። ከብት የሌለው የከተማ ቤተሰብ ከወጥ ቤት የሚወጣውን የአትክልት ልጣጭና ከግቢ የሚሰበሰበውን ቅጠል አብስሎ ኮምፖስት በማዘጋጀት ይህንን ሊተካ ይችላል።

ችግኝ ከየት ይመጣል?

ለጀማሪ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። ከ1 እስከ 2 ዓመት የሆነው ችግኝ ከገጠር ዘመድ፣ ከጎረቤት ወይም ከገበያ ሊገኝ ይችላል። ከሦስቱም ቢሆን ችግኙ የወጣበትን ጓሮ ማየት ከሁሉ ይበልጣል። ባለቤቱን ጓሮው ውስጥ ባለፉት ዓመታት ጠውልጎ የሞተ እንሰት እንዳለ መጠየቅ፣ በዙሪያው ያሉትን የደረሱ ተክሎች መመልከት፣ የጠወለገ ወይም ቢጫ የሆነ የመሃል ቅጠል ካለ ከዚያ ጓሮ አንድም ችግኝ አለመውሰድ ይገባል። የታመመ ጓሮ ውስጥ ያለ ችግኝ ምልክት ሳያሳይ በሽታውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ምንጩ የማይታወቅ የገበያ ችግኝ ርካሽ ቢሆንም፣ የሚያስከትለው ጉዳት ከዋጋው ጋር አይመጣጠንም።

ችግኙ ሲነሳ ሥሩንና አሚቾውን ማየትም ይጠቅማል። በሥሩ ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስሉ ጥቃቅን ነፍሳት ከታዩ ያ ችግኝ አይተከልም። እነዚህ ነፍሳት የሥሩን ፈሳሽ እየመጠጡ ተክሉን ያቀጭጫሉ፤ ከቦታ ቦታ የሚዛመቱትም በአብዛኛው ከችግኝ ጋር ነው።

ስለ ዝርያም ማሰብ ተገቢ ነው። የጉራጌ አልሚዎች ጓርየ፣ የሽራቅንቄ፣ አጋደ፣ ነችዌ፣ አስታራ እና ሌሎችም ብዙ ስም ያላቸውን የእንሰት ዓይነቶች ለይተው ያውቃሉ። አንዱ ለአሚቾ፣ ሌላው ለቆጮ ብዛት፣ ሌላው ለቃጫ ጥራት፣ አንዳንዱም ለባህላዊ ሕክምና ይመረጣል። በአንድ ጓሮ ከሦስት ያላነሱ ዓይነቶችን ቀላቅሎ መትከል የቆየ ልማድ ነው፤ ጥቅሙም ተክሎቹ በተለያየ ጊዜ መድረሳቸውና ችግር ቢመጣ ሁሉም በእኩል አለመጎዳታቸው ነው። የትኛው ዓይነት ለምን እንደሚሻል በአካባቢው ካሉ እናቶችና አባቶች የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ችግኝ ሲወሰድ ስሙንና ጠባዩን ጠይቆ መያዝ ይጠቅማል።

ችግኝን በቤት ማፍላት

ለወደፊት ችግኝ በራሱ ማፍላት የሚፈልግ ቤተሰብ ጤናማ መሆኑ የተረጋገጠ፣ ከ2 እስከ 6 ዓመት የሆነው እንሰት ያስፈልገዋል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

ተክሉ ከአሚቾው ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆረጣል። በአሚቾው መሃል ያለው፣ አዲስ ቅጠል የሚወጣበት እምብርት በቢላዋ ተቦርቡሮ ይወጣል። ይህ የሚደረገው አሚቾው አንድ ዋና ግንድ ከማውጣት ይልቅ በዙሪያው ብዙ ቡቃያ እንዲያወጣ ነው። የተቦረቦረው ቦታ በአፈርና በፍግ ተሞልቶ፣ አሚቾው በተዘጋጀ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና በላዩ ላይ ስስ አፈር ይለብሳል። እንደ አየሩ ሁኔታ ከ1 እስከ 3 ወር ባለ ጊዜ ውስጥ ቡቃያዎች ይታያሉ። ከአንድ አሚቾ ከ40 እስከ 200 የሚደርሱ ቡቃያዎች ሊገኙ እንደሚችሉ ይታወቃል።

ቡቃያዎቹ አንድ ዓመት ገደማ ከእናታቸው ጋር ከቆዩ በኋላ ተለያይተው በሌላ መደብ ይተከላሉ። በጉራጌ ባህላዊ አሠራር ተክሉ ወደ መጨረሻው ቦታ ከመድረሱ በፊት ከአንድ ጊዜ በላይ እየተነሳ ይዛወራል፤ በየዝውውሩም ርቀቱ እየሰፋ ይሄዳል። ይህ የሚደረገው በጥቂት ቦታ ብዙ ወጣት ተክል ለመያዝና አሚቾው እንዲወፍር ነው። ጥቂት እንሰት ብቻ የሚፈልግ የከተማ ቤተሰብ ግን ይህንን ሁሉ ደረጃ መከተል አያስፈልገውም፤ ከ1 ዓመት በላይ የሆነው ጠንካራ ችግኝ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ቦታ ሊተከል ይችላል።

ተከላ

ጉድጓዱን በበጋው ወራት አዘጋጅቶ፣ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር መትከል ጀማሪን ከብዙ ውሃ የማጠጣት ሥራ ያድናል። የጉድጓዱ ጥልቀትና ስፋት እንደ ችግኙ መጠን ከ40 እስከ 60 ሳንቲሜትር ይሆናል። ከጉድጓዱ የወጣው የላይኛው አፈር ከበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ትኩስ ፍግ ሥሩን ሊያቃጥል ስለሚችል የበሰለው ይመረጣል።

ለደረሰ እንሰት በተክሎች መካከል ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ በረድፎች መካከል ደግሞ 3 ሜትር መተው ይመከራል። ቦታ ለመቆጠብ አቀራርቦ መትከል ግንዱን ያቀጥናል፤ ምርቱንም ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ተክሎቹ ገና ትንንሽ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ ጎመን፣ ቦሎቄ፣ ድንች ወይም ቀይ ሥር በመዝራት መጠቀም ይቻላል። እንሰቱ ካደገ በኋላ ጥላ የሚወደውን ቡና ከሥሩ መትከልም በአካባቢው የተለመደ ነው።

ችግኙ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ፣ አሚቾው ሙሉ በሙሉ በአፈር ተሸፍኖ፣ ዙሪያው በእግር ቀስ ተብሎ ይረገጣል። ረጃጅም ቅጠሎች ያሉት ችግኝ ከመተከሉ በፊት የውጭ ቅጠሎቹ ቢቀነሱለት ውሃ ከማባከን ይድናል፤ የሚቀንሰው ቢላዋ ግን በእሳት የጸዳ መሆን ይኖርበታል።

ዓመታዊ እንክብካቤ

የእንሰት እንክብካቤ ከባድ አይደለም፤ ሳይቋረጥ መከናወን ግን ይኖርበታል። በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ በዙሪያው ያለው አፈር ይኮተኮታል፤ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ተብሎም ፍግ ወይም ኮምፖስት ይጨመራል። አረም በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ይነቀላል። የደረቁ የውጭ ቅጠሎች ሲወርዱ በእጅ መንቀል ይቻላል።

አረንጓዴ ቅጠልን በብዛት መቁረጥ ግን ተክሉን ይጎዳዋል። ተክሉ ስታርቹን የሚሠራው በቅጠሉ ነው፤ ቅጠሉ ሲቀነስ አሚቾውና ግንዱም ይቀጥናሉ። ለዳቦ ወይም ለከብት ቅጠል የሚያስፈልገው ቤተሰብ ከአንድ ተክል ብዙ ከመቁረጥ ከየተክሉ አንድ አንድ የታችኛውን ቅጠል ቢወስድ ይሻላል።

ፍልፈልና ጃርት አሚቾውን ስለሚበሉ፣ በከተማ ዳር ያሉ ግቢዎች አጥራቸውን ማጠናከር ይኖርባቸዋል። በዘፈቀደ የሚሄዱ ፍየሎችና ከብቶች ወደ ጓሮው እንዳይገቡ መከልከል ደግሞ ቅጠሉን ከመጠበቅ የበለጠ ጥቅም አለው፤ የታመመ ተክል የበላ እንስሳ በአፉ በሽታውን ወደ ጤናማው ሊያስተላልፍ ይችላልና።

አጠውልግ፦ ከሁሉ የሚያስፈራው በሽታ

የእንሰት አጠውልግ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ዳኛቸው ይርጉ እና ጄ. ኤፍ. ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ እንሰት ላይ የተገኘውን ይህን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሳይንስ ዓለም ገልጸዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአገራችን ሙዝ ላይም ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በኡጋንዳ የሙዝ እርሻዎች መከሰቱ ተመዝግቦ ወደ ሌሎች የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ተዛምቷል። ስለዚህ በግቢው ሙዝ ያለው ቤተሰብ ሁለቱን ተክሎች በአንድ ቢላዋ መቁረጥ እንደሌለበት ማወቅ ይኖርበታል።

የበሽታው ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው። መጀመሪያ የመሃሉ ለጋ ቅጠል ወይም ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቅጠል ጫፉ ይጠወልጋል፤ ቢጫ እየሆነ ይታጠፋል። ቀስ በቀስ ሌሎቹ ቅጠሎችም ተከትለው ይጠወልጋሉ፤ በመጨረሻም ተክሉ ሙሉ በሙሉ ይበሰብሳል። የቅጠሉ አገዳ ወይም አቃፊው ሲቆረጥ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ቢጫማ ወይም ወተት መሰል ዝልግልግ ፈሳሽ ከወጣ ተክሉ መታመሙ ይታወቃል። በውሃ እጥረት የጠወለገ እንሰት ግን ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚጠወልገው በውጭ ቅጠሎቹ ሲሆን፣ ውሃ ሲያገኝ ያገግማል፤ ሲቆረጥም እንዲህ ያለ ፈሳሽ አያወጣም።

በሽታው ሰውን አያጠቃም፤ ለተክሉ ግን ፈውስ የለውም። የሚረጭ መድኃኒት አለ ብሎ የሚሸጥ ቢኖር ገንዘብ ማባከን ነው። መከላከያው የሚከተሉትን ተግባራት ማከናወን ነው።

አንደኛ፣ ቢላዋ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና መቆፈሪያ ከአንድ ተክል ወደ ሌላው ከመሻገራቸው በፊት በእሳት ላይ ይሞቃሉ፤ እሳት በማይገኝበት ጊዜ በበረኪና ይነከራሉ። በተለይም ከጎረቤት በውሰት የመጣ መሣሪያ ሳይጸዳ ወደ ጓሮ መግባት የለበትም። ይህ ሥራ ከደቂቃዎች በላይ አይወስድም፤ የሚያድነው ግን የዓመታት ልፋት ነው።

ሁለተኛ፣ የታመመ ተክል እንደታየ ከነአሚቾውና ከነሥሩ ተነቅሎ ከጤናማዎቹ ራቅ ባለ ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ጓሮውን እየጎተቱ ማሳለፍ፣ ለከብት መስጠት፣ ወደ ኮምፖስት መጨመር ወይም ከግቢ ውጭ በመንገድ ዳር መጣል በሽታውን ማዛመት ነው።

ሦስተኛ፣ የታመመው ተክል በነበረበት ቦታ ላይ ቢያንስ ለ6 ወር እንሰትም ሆነ ሙዝ አይተከልም። በዚህ ጊዜ ቦታውን ጎመን ወይም ድንች ሊይዘው ይችላል።

አራተኛ፣ ከገበያ የተገዛ የእንሰት ቅጠል፣ ለምሳሌ ቆጮ የተጠቀለለበት፣ ከተጠቀሙበት በኋላ በጓሮው ተክሎች ሥር አይጣልም። ቅጠሉ የመጣበት ጓሮ ጤንነት አይታወቅምና ማቃጠል ወይም መቅበር ይሻላል።

አምስተኛ፣ በሽታው የአጥር ወሰን አያግደውም። በአንድ ሠፈር ያሉ ጎረቤቶች በዕድርም ሆነ በቡና ሰዓት ተነጋግረው፣ የታመመ ተክል ያየ እንዳይደብቅና በጋራ እንዲነቅሉ ቢስማሙ የሁሉም ጓሮ ይጠበቃል። የታመመ እንሰት መገኘቱ የአልሚው ነውር አይደለም፤ ሳይነቀል መቆየቱ ግን ሌላውን ሁሉ ይጎዳል።

በየዓመቱ ጥቂት መትከል

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ወቅት ያላቸውን ቦታ ሁሉ ይሞላሉ። እንዲህ ሲሆን ተክሎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የሚፋቅ አይኖርም። የጉራጌ ጓሮ በባህሉ ከቤቱ ጀምሮ በተለያየ ዕድሜ ያሉ ተክሎች በረድፍ የሚታዩበት ነው፤ ምክንያቱም ይኸው ነው።

ለ10 እንሰት የሚሆን ቦታ ያለው ቤተሰብ በየዓመቱ 2 ችግኝ ቢተክል፣ በ5 ዓመት ቦታው ይሞላል። ተክሎቹ በ5 ዓመት የሚደርሱ ከሆነ ከ6ኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ 2 እንሰት እየፋቀ፣ በቦታቸው 2 ችግኝ እየተከለ ይቀጥላል። እንዲህ ያለው አተካከል አንድ ዓመት ዝናብ ቢጠፋ ወይም በሽታ ቢገባ ሁሉም እንዳይጠፋ ያደርጋል። የቤተሰብን ዓመታዊ ምግብ ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን ግን ሰፊ ቦታ ያስፈልጋል፤ ከ5 እስከ 6 ሰው ላለው ቤተሰብ ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር ላይ የሚተከሉ ከ40 እስከ 60 እንሰቶች እንደሚበቁ በጥናት ተገልጿል። የከተማ ጓሮ ይህንን ያህል ባይኖረውም፣ ለመስቀል በዓልና ለእንግዳ የሚሆን ቆጮ ከራስ ግቢ ማግኘት የገበያ ወጪን ይቀንሳል።

ፍቂያ፣ ቆጮና ቃጫ

እንሰቱ ሲደርስ ቅጠሎቹ ይቆረጡና አቃፊዎቹ አንድ በአንድ ይለያያሉ። አቃፊው ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ተደርጎ በቀርከሃ ወይም በብረት መፋቂያ ሲፋቅ ሥጋው ይወርዳል፤ ክሩ በእጅ ይቀራል። አሚቾው ተነቅሎ ይፈቀፈቃል። ከተፋቀው ሥጋ የሚጨመቀው ፈሳሽ ረግቶ ሲቀር ከሥሩ የሚገኘው ነጭ ስታርች ቡላ ነው። የተቀረው በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ፣ በድንጋይ ተጭኖ እንዲብላላ ይተዋል። በሞቃት አካባቢ በሳምንታት ሊደርስ ይችላል፤ በደጋ ግን ወራት ይወስዳል። በጥሩ ሁኔታ የተቀበረ ቆጮ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል።

ፍቂያ በጉራጌ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ሲሆን እጅግ አድካሚ ነው። በከተማ ያለች ጀማሪ እናት ለመጀመሪያው ፍቂያ ሥራውን የሚያውቁ ዘመዶችን ብትጠራ ይጠቅማታል፤ የመፋቂያው አያያዝና የቆጮው የመብሰል ምልክት በዓይን ታይቶ የሚለመድ ነው። ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ አነስተኛ በመሆኑ፣ በተለይ ለሕፃናት፣ ከአይብ፣ ከባቄላና ከጎመን ጋር መቅረብ ይኖርበታል።

ከፍቂያ የሚቀረውን ቃጫ ብዙ የከተማ ቤተሰቦች ይጥሉታል። ይህ ሊታረም የሚገባው ነው። የእንሰት ቃጫ ጥንካሬው በዓለም ገበያ የማኒላ ሄምፕ ተብሎ ከሚታወቀው የአባካ ክር ጋር የሚወዳደር ነው። አባካም እንደ እንሰት የሙዝ ቤተሰብ ተክል ሲሆን፣ በፊሊፒንስ በስፋት ይመረታል፤ ለመርከብ ገመድና ለጠንካራ ወረቀት ያገለግላል። የእንሰት ቃጫም ሥጋው በደንብ ተፍቆ ከጸዳ፣ ሳይጠላለፍ በንጹሕ ቦታ ተሰቅሎ ከደረቀና በነዶ ከታሰረ ለገመድ፣ ለጆንያ፣ ለምንጣፍ፣ ለወንፊትና ለእጅ ጥበብ ሥራዎች ይፈለጋል። ሥጋ የቀረበት ወይም እርጥብ ሆኖ የተከማቸ ቃጫ ግን ይሻግታል፤ ዋጋውም ይወርዳል።

ለመጀመር

ለመጀመር የወሰነ ቤተሰብ በመጀመሪያው ዓመት ከሚከተሉት በላይ አይጠበቅበትም፦ ከግድግዳና ከአጥር የራቀ ውሃ የማይተኛበት ቦታ መምረጥ፣ ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ የወጣበት ጓሮ የታየ 2 ወይም 3 ችግኝ ማግኘት፣ ለእንሰት ብቻ የሚውል አንድ ቢላዋ መለየት እና በልጉ ሲገባ መትከል ናቸው። የጠወለገ የመሃል ቅጠል ያየ ሰው ተክሉን ከመቁረጡ በፊት በቀበሌው ያለውን የግብርና ባለሙያ ጠርቶ ቢያሳይ ይመረጣል። ባለሙያው በሽታውን ለይቶ፣ አነቃቀሉንና አቀባበሩን ያሳያል፤ በአካባቢው ጤናማ ችግኝ የሚገኝባቸውን ጓሮዎችም ይጠቁማል። ይህ አገልግሎት በከተማና በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በኩል ይሰጣል።